ቆጠራው ሲቆም

የምኖረው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከኬፕ ካናቬራል ማዶ ባለችው በቲተስቪል ከተማ አቅራቢያ ነው። እዚህ ሮኬት ብርቅ አይደለም። በ2024 ብቻ ከዚህ የባሕር ዳርቻ ከ90 በላይ ሮኬቶች ተወንጭፈዋል። በየአራት ቀኑ አንድ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጎረቤቶቼ አሁን አሁን ለማየት ከቤት አይወጡም። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ «ዛሬ ነበር እንዴ?» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

እኔ ግን አልሰለቸኝም። አብራሪ ነኝ። የአየር መንገድ ካፒቴን አይደለሁም፤ አራት ሰው የምትይዝ ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 ነው የማበረው። በትርፍ ጊዜዬ፣ በራሴ ወጪ፣ ስለምወደው። የበረራ ፈቃዴን ካገኘሁ ወዲህ ሮኬት የማይበት ዓይን ተቀይሯል። ድሮ የሚማርከኝ እሳቱ ነበር። አሁን ቆጠራውን ነው የምከታተለው። በተለይ ደግሞ ቆጠራው የሚቆምበትን ጊዜ።

እሳቱን ማቃለሌ አይደለም። ከቲተስቪል ወንዝ ዳር እስከ ማስወንጨፊያው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ብርሃን ብቻ ነው። ሮኬቱ ከመሬት ተላቆ፣ ማማውን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ምንም ድምፅ የለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው በዚያች ደቂቃ ግራ ይገባዋል። «በቃ ይኸው ነው?» ይላል። ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ከሩቅ እንደሚንከባለል ነጎድጓድ ይጀምርና እየጠነከረ ሄዶ የድልድዩን ብረት፣ የመኪናውን መስታወት፣ የለበሳችሁትን ሸሚዝ ሳይቀር ያርገፈግፋል። ልጆች ይጮኻሉ። የሚያለቅሱ ትልልቅ ሰዎችም አይቻለሁ።

ሮኬቱ ፋልከን 9 የሚባለው ከሆነና የታችኛው ክፍሉ ተመልሶ እዚሁ የሚያርፍ ከሆነ፣ ከተነሳ ስምንት ደቂቃ ገደማ በኋላ ሌላ ፍንዳታ ይሰማል። ከድምፅ ፈጥኖ የሚወርድ አካል የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ጭነቱን ወደ ምህዋር የላከ ሮኬት እሳት እየተፋ ወርዶ እዚህ ኬፕ ካናቬራል ላይ በእግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው በዲሴምበር 2015 ነው። ስንት ጊዜ አይቼው እንኳ አሁንም ያስደንቀኛል። በማረፍ የሚለፋ ሰው ማረፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የማስወንጨፉ ኃላፊ ባለሙያዎቹን በየተራ ይጠይቃል። ሞተር? ነዳጅ? የአየር ጠባይ? የአካባቢው ደህንነት? እያንዳንዱ ጠረጴዛ «ጎ» (ይነሳ) ወይም «ኖ ጎ» (አይነሳ) ብሎ ይመልሳል። አንዱ እንኳ «ኖ ጎ» ካለ ይቆማል። የፈለገ ያህል ገንዘብ ይፍሰስበት፣ የፈለገ ያህል ሕዝብ ድልድይ ላይ ይሰብሰብ፣ ይቆማል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር የራሴን ነገር አስባለሁ። እዚያ ብዙ ሰው የተካፈለውን ሥራ እኔ ትንሿ ኮክፒት ውስጥ ብቻዬን ነው የምሠራው። ሞተሩን የማየው እኔ፣ ደመናውን የማነበው እኔ፣ የመጨረሻውን ቃል የምሰጠውም እኔ። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ሲሆን «ኖ ጎ» የሚለው ድምፅ በቀላሉ ይዋጣል። ሰው እየጠበቀህ ነው፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ አውሮፕላኑን ተከራይተሃል፣ ሰማዩም «ያን ያህል» መጥፎ አይደለም። ለእኔ አንድ አብራሪ ከሙያው ጋር እኩል መራመዱ የሚለካው በዚህ ነው። ያ ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ማድረግ። ለዚያ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቅ ሰው «ኖ ጎ» የሚልበት ምክንያት የለውም።

ወደ ጨረቃ የሚሄደውን የናሳ አርቴሚስ 1 ሮኬት የጠበቀ ሰው ስለ መቆም ብዙ ተምሯል። ኦገስት 29 ቀን 2022 መንገዱ ሁሉ በመኪና ሞልቶ ነበር። ከአራቱ ሞተሮች አንዱ በሚፈለገው መጠን መቀዝቀዙን መለኪያው አላሳይ አለና ተሰረዘ። ሴፕቴምበር 3 እንደገና ተሞከረ፤ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ማፍሰስ ጀመረና ተሰረዘ። ከዚያ ሀሪኬን ኢያን መጣ፤ ሮኬቱ ተጎትቶ ወደ መገጣጠሚያው ሕንፃ ተመለሰ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሀሪኬን ኒኮል ማስወንጨፊያው ላይ እንደቆመ አገኘው። ያኔ አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ «እነዚህ ሰዎች አልቻሉበትም» ይል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼም፣ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ወዳጆቼም። እኔ ግን በተሰረዘ ቁጥር እምነቴ ጨመረ።

በመጨረሻ ኖቬምበር 16 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሌላ ሙከራ ሆነ። ያን ሌሊት እንኳ ሃይድሮጅን የሚያልፍበት አንድ ቫልቭ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ሦስት ሠራተኞች ነዳጅ የተሸከመው ሮኬት ሥር ድረስ ሄደው ብሎኖቹን አጠበቁ። ቀጥሎ ሮኬቱን ከሚከታተለው ራዳር ጋር የነበረው ግንኙነት ጠፋ፤ የተበላሸ የኔትወርክ ዕቃ ነበር፣ ተቀየረ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሲያልቅ ከታቀደው ሰዓት 43 ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። ወደ 4,000 ቶን የሚጠጋ ግፊት ነበረው። ሌሊቱ ቀን መሰለ። መንኮራኩሩ ጨረቃን ዞሮ ዲሴምበር 11 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አረፈ። ሁለቱን ስረዛዎች አሁን የሚያነሳቸው ሰው የለም።

ብዙ ጊዜ ሮኬት የሚያስቆመው የአየር ጠባይ ነው። ባለፉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ሮኬቱ ከሚበርበት መንገድ በ10 የባሕር ማይል ክልል መብረቅ ከታየ አይነሳም። ሕጉ እንዲሁ የወጣ አይደለም። ኖቬምበር 14 ቀን 1969 ሦስት ሰዎችን ወደ ጨረቃ የጫነው አፖሎ 12 በዝናብና በደመና መሐል ተነሳ። በ36ኛው ሰከንድ መብረቅ መታው። በ52ኛው ሰከንድ ደገመው። ሮኬቱ ራሱና ረጅሙ የእሳት ጅራቱ ለመብረቁ መንገድ ሆኑት። ኮክፒቱ በማስጠንቀቂያ መብራት ተሞላ። ሂዩስተን ያለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚደርሰው መረጃም ትርጉም የሌለው ቁጥር ሆነ።

ኤሌክትሪኩን የሚከታተለው ጆን አሮን ያኔ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ያንን የተዘበራረቀ ቁጥር ከዓመት ገደማ በፊት በአንድ ሙከራ ላይ አይቶት ነበር። ያኔ «እንግዳ ነገር ነው» ብሎ አልተወውም። መነሻው ምን እንደሆነ ተከታትሎ አጣርቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ማብሪያ ወደ ረዳት ቦታው እንዲዞር ነገራቸው። የበረራ ኃላፊው የትኛው ማብሪያ እንደሆነ አላወቀም። የመንኮራኩሩ አዛዥም አላወቀም። ከሦስቱ ተጓዦች አንዱ የሆነው አለን ቢን ግን አወቀው፣ አዞረው፣ መረጃው ተመለሰ። ሁለቱ ጨረቃ ላይ አርፈው ሦስቱም በሰላም ተመለሱ። ይህንን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። አሮን ያን ቀን ምንም አዲስ ነገር አልሠራም፤ ሥራውን የጨረሰው ከዓመት በፊት ነበር። ማታ ማታ ደክሞኝ የአደጋ ሪፖርት ማንበቡን ልተወው ስል እሱን አስታውሳለሁ።

በተቃራኒው ደግሞ ቻሌንጀር የተባለው የጠፈር መንኮራኩር አለ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ጠዋት እዚህ ፍሎሪዳ ብርዱ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። ማስወንጨፊያው ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር። የጎን ሮኬቶቹን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከነሱም ሮጀር ቦይዦሊ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምረው ሲከራከሩ ነበር። መጋጠሚያውን የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች በዚያ ብርድ ደርቀው ጋዝ ሊያሳልፉ ይችላሉ አሉ። ማለትም «ኖ ጎ» ተብሏል። አለቆቹ ግን ወሰኑና መንኮራኩሩ ተነሳ። በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነ። ሰባቱም ሰዎች አለቁ። እውቀቱ ነበረ፣ ተናጋሪም ነበረ፣ የጠፋው ሰሚ ነው።

ሌላ ዓይነት ጥፋትም አለ፤ ለአብራሪው ጭራሽ ሳይነገረው ሲቀር። ስለዚህ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

የተወለድኩት ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንለው። ከአየር ኃይሉ ግቢ የሚነሱ ሚጎች ጣሪያችንን እያንቀጠቀጡ ነው ያደግኩት። ለአውሮፕላን ያለኝ ፍቅር ከዚያ የመጣ ነው። እናቴ አሁንም እዚያ ናት። ማርች 10 ቀን 2019 ጠዋት ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ የወደቀው ከዚያው ከቢሾፍቱ አካባቢ ነው። 157 ሰዎች ነበሩበት።

ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2018 ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ከጃካርታ ተነስቶ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ላይ አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሚለካ አንድ መሣሪያ የመጣ የተሳሳተ ቁጥር ኤምካስ የሚባለውን ሥርዓት ቀሰቀሰው። ሥርዓቱም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። የጃካርታው አደጋ እስኪደርስ ድረስ ይህ ሥርዓት መኖሩ እንኳ አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ አልነበረም። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንዳሰፈረው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ተከትለው ሥርዓቱ አፍንጫውን እንዳይገፋ የሚያደርጉትን ማብሪያዎች አጥፍተው ነበር። አልበቃም።

ያን ሰሞን እዚህ አሜሪካ በራሪዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ «በደንብ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አሁንም ያናድደኛል። አብራሪ ራሱን ከሙያው ጋር እኩል ማራመድ አለበት፤ ይህን ከማንም በላይ አምናለሁ። ግን ያልተጻፈ ነገር አይነበብም። «ኖ ጎ» እንዲል የሚጠበቅበት ሰው «ኖ ጎ» የሚያሰኘውን ነገር የማወቅ መብት አለው። አብራሪው የሚያጠናውን ያህል አምራቹም ተቆጣጣሪውም እውነቱን የመናገር ዕዳ አለባቸው።

የእኔ ድርሻ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ድርሻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን የለውም። አንዴ ከያዝከው የዕድሜ ልክህ ነው። ጊዜ ያለው ብቃቱ ነው። በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት በአየር፣ አንድ ሰዓት ደግሞ በመሬት መፈተሽ ግዴታ ነው። ሰው ጭኖ ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሳትና ሦስት ጊዜ ማረፍ ይጠይቃል። በሌሊት ከሆነ ሦስቱም በሌሊት፣ ማኮብኮቢያው ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሞ። የሕክምና ምርመራም አለ። ይህ ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ መስፈርት ነው። ሕጉን አሟልቶ ያልተዘጋጀ አብራሪ ሞልቷል።

ባለፈው የጸደይ ወቅት የእህቴ ልጅ ከአትላንታ ከጓደኛው ጋር መጣ። «ጋሼ፣ ዛሬ ታበረናለህ አይደል?» አለኝ፤ ገና ቁርስ ሳንበላ። በወረቀት ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ነፋሱ ግን ማኮብኮቢያውን አቋርጦ ነበር የሚነፍሰው፤ 14 ኖት (በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር) ገደማ፣ አልፎ አልፎም እየጠነከረ። የሴስናዋ መጽሐፍ 15 ኖት የጎን ነፋስ ድረስ መፈተኗን ይናገራል። የፋብሪካው ፈታኝ አብራሪ አረፈባት ማለት ግን እኔ ዛሬ አርፍባታለሁ ማለት አይደለም። በዚያ ዓይነት ነፋስ ከተለማመድኩ ወራት አልፈው ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ። አውሮፕላን? ጎ። ነዳጅ? ጎ። የአየር ክልል? ጎ። ነፋስ? ለዚህ አብራሪ፣ ኖ ጎ። ልጆቹ ቅር አላቸው። በሳምንቱ አስተማሪ ይዤ ያንኑ የጎን ነፋስ ፈልጌ ወጣሁና ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ስነሳና ሳርፍ ዋልኩ።

የአየር ክልል ጉዳይ እዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይለያል። ሮኬት ሊነሳ ሲል ሰማዩ ይዘጋል። መዘጋቱ የሚታወቀው ኖታም በሚባለው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣበት አጻጻፍ ደረቅ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ በግሪንዊች ነው። ሮኬቱ ሲተላለፍ እሱም ይቀየራል። ስለዚህ የትናንቱን አንብቦ መነሳት አይሠራም። ይህ ዝርዝር ምን ያህል የበረራ መሠረት እንደሆነ ያየነው ጃንዋሪ 11 ቀን 2023 ነው። የአሜሪካው የኖታም ሥርዓት ሠራተኞች በስህተት ፋይል ሰርዘው ተበላሸ። የአገሪቱ የውስጥ በረራ በሙሉ ጠዋቱን እንዳይነሳ ታገደ። ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

ሰማዩ የጋራ መሆኑ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 ከቴክሳስ የተነሳው ስታርሺፕ የተባለው የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት በካሪቢያን ሰማይ ላይ ተበታተነ። ስብርባሪው በተርክስና ካይኮስ ደሴቶች አካባቢ ሲወርድ አየር ላይ የነበሩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች እንዲዞሩ ተደረገ። ማርች 6 ሌላው ስታርሺፕም ተበተነ፤ የማያሚና የኦርላንዶ አየር ማረፊያዎች በረራ ለጊዜው ቆመ። የሮኬት ወዳጅ ነኝ። ግን መንገደኛ የጫነ አብራሪ ድንገት ስብርባሪ ከሚወርድበት ቦታ ሲዞር ነዳጁን እያሰላ ምን እንደሚሰማው አስባለሁና ጉዳዩ እንደ ቀላል ሲወራ ደስ አይለኝም። እኛ የምንፈተሽበትን ያህል ሮኬቶቹም መፈተሽ አለባቸው።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «እናንተ ጋ ስንት ታያላችሁ፣ እኛ ጋ ምን አለ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዲሴምበር 20 ቀን 2019ን አስታውሳቸዋለሁ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይናው ታይዩዋን ተወንጭፋ ሰዎች በማለዳ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በስክሪን አይተዋል። እዚህ ምሽት ነበር። እኔም በስልኬ ተከታተልኩት። ማስወንጨፊያው የራሳችን አልነበረም። ቢሆንም ልጆች በአማርኛ ስለ ምህዋር ሲያወሩ መስማት ትልቅ ነገር ነው።

ሮኬት ለማየት ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ የምመክረው ይህን ነው። ቲተስቪል ያለው የማክስ ብሩወር ድልድይ ጥሩ ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ። ፕላያሊንዳ የባሕር ዳርቻ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ግን በማስወንጨፊያ ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ አስቀድማችሁ አጣሩ። ውሃ ያዙ፣ የትንኝ መከላከያ አትርሱ፣ ለልጆች የጆሮ መሸፈኛ አይከፋም። የመመለሻ ቲኬታችሁን በነጋታው አታድርጉት። ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ያዙ። ቆጠራው ቆሞ ከተሰረዘም ቶሎ ወደ መኪና አትሩጡ፤ ስልካችሁ ላይ የቀጥታ ስርጭቱን ክፈቱና ማን «ኖ ጎ» እንዳለ፣ ለምን እንዳለ ስሙ። እኔን እዚያው ድልድዩ ላይ ታገኙኛላችሁ። ብትጠይቁኝ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ፤ ትራፊኩ እስኪቀል ጊዜ አለን።